ከአንድ ቤት አምስት ሰው በአንድ ቀን፦ የኩስተር ቤተሰብ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ክር ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ስለሚገባው፣ መጀመሪያ የጠየቅኩትን ልድገምና ከዚያ የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ተራ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ሌላ ካላልኩ በቀር ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው ሚሺጋን፣ ሞንሮ ከተማ ነው። ከዲትሮይት ወደ ቶሌዶ ሲወረድ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ፈረስ ላይ የተቀመጠ የአንድ መኮንን ሐውልት አለ። ጆርጅ አርምስትሮንግ ኩስተር ይባላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ሥራ ስሄድና ስመለስ በአጠገቡ አልፌያለሁ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ከጀመርኩ በኋላ መተው አቃተኝ።

ሆዴን የበላኝ ነገር ይሄ ነው። ጁን 25, 1876 ሞንታና ውስጥ፣ ሊትል ቢግሆርን በሚባል ወንዝ ዳር፣ ላኮታና ሸየን የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ኩስተርንና አብረውት የነበሩትን ወታደሮች በሙሉ ጨረሷቸው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ግን ከሱ ጋር የወደቁትን ቤተሰቦቹን ቁጠሩልኝ። ወንድሙ ካፒቴን ቶም፣ 31 ዓመቱ። ታናሽ ወንድማቸው ቦስተን፣ 27 ዓመቱ፤ እሱ ወታደር እንኳ አልነበረም፣ ለሠራዊቱ እንስሳት መኖ የሚያቀርብ ሲቪል ነበር። የእህታቸው የሊዲያ ልጅ ኦቲ ሪድ፣ ገና 18 ዓመቱ። የእህታቸው የማርጋሬት ባል ሌተናንት ጄምስ ካልሁን። እና እሱ ራሱ፣ 36 ዓመቱ። ከአንድ ቤት አምስት ሰው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ።

ጥያቄዬም ይሄ ነበር። ሰው እንዴት ወንድሞቹን፣ አማቹንና የእህቱን ልጅ ሰብስቦ ይዘምታል? ፍቅር ነው ወይስ ትዕቢት? ደግሞ ሰው ሁሉ ስለ ጄኔራሉ ብቻ ያወራል፤ ቤት የቀሩትን ሴቶች ማን ያስታውሳል?

መልስ 1 የመጣው በዚህ መድረክ ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው አባት ነው። በትሕትና ነው የጀመሩት። ቤተሰቡን ከመውቀሴ በፊት እንዴት እንደተገነባ ልወቅ ብለው ከሥሩ አስረዱኝ። አባትየው ኢማኑኤል በኦሃዮ፣ ኒው ረምሊ የምትባል መንደር ብረት ቀጥቃጭና ገበሬ ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። እናትየው ማሪያ ደግሞ ባሏ ሞቶባታል። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይዘው ተጋቡ። ጆርጅ ዲሴምበር 5, 1839 ተወለደ። ከሱ ቀጥሎ ኔቪን፣ ቶማስ፣ ቦስተንና ማርጋሬት መጡ። ሊዲያ ማሪያ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደቻት ልጅ ናት። እሷ ሞንሮ ስታገባ ትንሹ ጆርጅ ለትምህርት እሷ ዘንድ ተላከ፤ እንደ ሁለተኛ እናት አሳደገችው። በዚያ ቤት የእንጀራ ልጅና የእንጀራ ወንድም የሚባል ነገር አልነበረም አሉ ጋሼ። ኦቲ የሚለው ስምም መጀመሪያ የጆርጅ ነው። ሕፃን ሳለ አርምስትሮንግ ማለት ሲያቅተው ኦቲ ይል ነበር፤ ሊዲያ የወንድሟን የቤት ስም ለልጇ አወረሰችው። ስለዚህ በዚያ ኮረብታ ላይ ሁለት ኦቲዎች ሞቱ። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

መልስ 2 እርማት ነበር፤ ልክም ነው። ጄኔራል ማለቴ አልተወደደም። ኩስተር ብርጋዴር ጄኔራል የሆነው በ1863 በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በ23 ዓመቱ፣ የበጎ ፈቃደኞች ጦር ውስጥ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ያ ማዕረግ አብሮ ያልቃል። ሲሞት የ7ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ሌተናል ኮሎኔል ነበር። ጄኔራል እያሉ መጥራቱ የክብር ነው።

መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት በ1861 ሲመረቅ ከ34 ተማሪ 34ኛ ወጥቷል። ይኸው ነው። ብዙ ሰው ወዶታል።

መልስ 4ን የጻፈችው ዴንቨር የምትኖር እህት ናት፤ የዚህ ክር ምሰሶ እሷ ነች ብል አላጋነንኩም። ፍቅር ነው ወይስ ትዕቢት ለሚለው ጥያቄዬ ከሚስቱ ከሊቢ ጀመረች። ኤሊዛቤት ቤከን የሞንሮ ዳኛ ልጅ ነበረች። እናቷ የሞተችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ አባቷም እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ ያውም ወታደር፣ ለሱ አይዋጥለትም። በዚያ ላይ በ1861 መጸው ኩስተር ሰክሮ እየተንገዳገደ በዳኛው ቤት ፊት አለፈ። ቤት ሲደርስ ሊዲያ ይዛው ክፍል ገባች፤ ሁለተኛ መጠጥ በአፉ እንዳይዞር አስማለችው። እስኪሞት አልቀመሰም። ዳኛው ቀስ በቀስ ለሰለሱ፤ ፌብሩዋሪ 9, 1864 በሞንሮ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ሊቢ ድንኳን ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ በረሃ ቢሆን ከኋላው አልቀረችም። ልጅ አልወለዱም። የደቡቡ ጦር በአፖማቶክስ እጅ ሲሰጥ የሰላሙ ውል የተጻፈበትን ትንሽ ጠረጴዛ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸሪዳን በ20 ዶላር ገዝቶ የላከው ለሷ ነው።

እህታችን ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ አመጣችው። በ1867 ካንሳስ ውስጥ ኩስተር ጦሩን ትቶ፣ ከፎርት ዋላስ እስከ ፎርት ራይሊ፣ ሚስቱ ዘንድ ገሰገሰ። ለዚህም የጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ አንድ ዓመት ያለ ማዕረግና ያለ ደመወዝ ታገደ። ለሷ ይህ ከፍቅር ሌላ ስም የለውም።

መልስ 5 ወዲያው ተነሳባት። ጸሐፊው ከቀድሞ ወታደሮች አንዱ ነው፤ አገር ቤት ያገለገለ። ያንኑ የፍርድ ቤት ክስ እስከ መጨረሻው ብታነቢው ኖሮ አላት። በዚያው ዘመቻ ኩስተር የኮበለሉ ወታደሮች ያለ ፍርድ እንዲተኮሱባቸው አዝዟል፤ ከነሱም አንዱ በቁስሉ ሞቷል። እንግዲህ ሌላውን ጦሩን ጥለህ ሄድክ ብሎ የሚያስተኩስ አዛዥ፣ እሱ ራሱ ጦሩን ጥሎ ሚስቱን ሊያይ ይሄዳል። ይህን ፍቅር የሚለው የሞተው ልጅ እናት ያልሆነ ሰው ብቻ ነው አለ። ቃሉ ከበድ ያለ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ዴንቨር ያለችው እህታችን ልክ ነህ ብላ አጭር መልስ ሰጠችው፤ አልተጣሉም። እኔም ከዚያ በኋላ ፍቅር ወይስ ትዕቢት የሚለው ጥያቄዬ ራሱ ጠባብ መሆኑ ታየኝ። ሁለቱም አንድ ሰው ውስጥ አብረው ያድራሉ።

መልስ 6 ከባድ መኪና የሚነዳ ወንድማችን ነው። በኢንተርስቴት 90 ሞንታናን ስንቴ እንዳቋረጠ አይቆጥረውም። የጦር ሜዳው ከመንገዱ ቅርብ ነው፣ ክሮው ኤጀንሲ የምትባል መንደር አጠገብ። አንድ ቀን የመንዳት ሰዓቱ ሞልቶበት እረፍት ሲወስድ ገባ። ሣርና ነፋስ ብቻ ነው አለ። ወታደር የወደቀበት ቦታ ሁሉ ነጭ የእብነ በረድ ድንጋይ ቆሟል፤ አንዱ እዚህ፣ ሁለቱ እዚያ፣ ከዚያ ኮረብታው ላይ እጅብ ይላሉ። የላኮታና የሸየን ተዋጊዎች በወደቁበት ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ቀይ ድንጋይ ተተክሏል። የኩስተርና የቶም ድንጋይ ኮረብታው ላይ ነው። የቦስተንና የትንሹ ኦቲ ግን ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ። ወንድማችን ያስለቀሰው ቦስተን ነው። በዚያ ቀን ቦስተን ወደ ኋላ፣ ጭነት ወደያዙት በቅሎዎች ሄዶ ፈረስ ቀይሮ ነበር። እዚያው ቢቀር ይተርፋል። በካፒቴን ቤንቲን ጦር በኩል አልፎ፣ ፈረሱን እየጋለበ፣ ወንድሞቹን ሊደርስባቸው ሄደ። ደረሰባቸውም።

ከዚህ በላይ ምንም አልጨመረም። ብዙዎቻችን ከዚህ መልስ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል አልጻፍንም።

መልስ 7 ስለ አጠራር ነው። ከኛ አንዱ ቀይ ሕንዶች ብሎ ጽፎ ነበር። እዚህ አገር ያደገች ወጣት፣ በጨዋ ቃል፣ እነሱ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም እንጥራቸው ብላ ለመነች፦ ላኮታ፣ ሸየን፣ ክሮው፣ አሪካራ። እኛንስ ሁላችንንም በአንድ የጅምላ ስም ሲጠሩን ምን ይሰማናል? ከዚያ ወዲህ ሁሉም ተስተካክሏል።

መልስ 8 የባሕረ ሐሳብ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ አስልቶ፣ ያ ዕለት በኛ ሰኔ 19 ቀን 1868 ዓ.ም. እንደሚውል፣ እሁድ እንደነበረና የገብርኤል ዕለት መሆኑን አመጣልን። እኔም አሰላሁት፤ ልክ ነው።

ከዚህች 1868 ግን ጣጣ ተነሳ። በመልስ 9 አንዱ ተነስቶ የዋሺታ ጭፍጨፋም በ1868 ስለሆነ ሁሉም በአንድ ዓመት የሆነ ነው አለ። መልስ 10 ላይ ጋሼ ተመልሰው አረሙት፣ በትዕግሥት። የዋሺታው 1868 የፈረንጆች ነው። እሱ ደግሞ ለኛ የመቅደላ ዓመት ነው። አስቡት፣ አሉ። በኤፕሪል 1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ አሜሪካኖችና ላኮታዎች በፎርት ላራሚ ውል ተፈራረሙ፤ ጥቁር ተራሮች የሚባሉት የላኮታ ሆነው እንዲቀሩ ተጻፈ። ኖቬምበር 27 ላይ ደግሞ ኩስተር በዋሺታ ወንዝ ዳር የተኛውን የሸየን መንደር ንጋት ላይ ከበበ። አለቃው ብላክ ኬትል፣ ሰላም ፈላጊ የነበረው፣ ከሚስቱ ጋር ተገደለ። 53 ሴቶችና ልጆች ተማረኩ። ስምንት መቶ የሚሆኑ ፈረሶች በጥይት ተረሸኑ። ጋሼ የዓለማየሁን ስም ያነሱት እዚህ ላይ ነው፤ በጦር ሜዳ የተወሰደ ልጅ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም ብለው። ከዚያ ወደ ውሉ ተመለሱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ ያው ኩስተር ጦር እየመራ ወደ ጥቁር ተራሮች ገባ፤ ወርቅ መኖሩ ተነገረ፤ ቆፋሪው ጎረፈ። ውሉ እንደ ወረቀት ተቀደደ። የሊትል ቢግሆርን መነሻ ይሄ ነው።

መልስ 11 ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት ይህማ የነሱ አድዋ ነው ብሎ ጻፈ። እዚህ ጋ ክሩ ጋለ።

መልስ 12 በቀጥታ ስህተት ነው አለ፤ አለሳልሶም አላለም። አድዋ ያሸነፈው ሕዝብ አገሩን ይዞ ቀረ። እነዚህ ግን ባሸነፉ በዓመቱ ተሸነፉ። የላኮታው መሪ ክሬዚ ሆርስ በ1877 እጁን ሰጥቶ በዚያው ዓመት ፎርት ሮቢንሰን ውስጥ ተገደለ። ሌላው መሪያቸው ሲቲንግ ቡል ወደ ካናዳ ሸሽቶ በ1881 ተርቦ ተመለሰ። ጥቁር ተራሮች በሕግ ተነጠቁ። ደግሞ የጦር ሜዳው የክሮው ሕዝብ መሬት ላይ ነው፤ ክሮዎችና አሪካራዎች በዚያ ቀን ከኩስተር ጎን ቃኚ ሆነው ተሰልፈዋል፤ ምክንያቱም ለነሱ ላኮታ መሬታቸውን የቀማ ጠላት ነው። ታሪክን በጭብጨባ አታበላሹት ብሎ ዘጋ።

መልስ 13 ከሁለቱ መሃል ገባ፣ ይህ ለኔ ከክሩ ሁሉ አዲስ ነገር ነበር። አድዋን ተዉትና ጉራን አንሱ አለ። በዚሁ በ1868 ዓ.ም.፣ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ፣ የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉራ ላይ ግብፆችን ሲደመስስ ከግብፅ ጦር ውስጥ አሜሪካዊ መኮንኖች ነበሩ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ሥራ ያጡ፣ ከደቡቡም ከሰሜኑም የመጡ፣ የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል የቀጠራቸው። የግብፁ አዛዥ ኤታ ማዦር ሹም ዊልያም ሎሪንግ ራሱ በፈረስ የሚጓዝ እግረኛ ክፍለ ጦር መኮንን የነበረ፣ በሜክሲኮ ጦርነት አንድ እጁን ያጣ ሰው ነው። ኩስተር የተዋጋበትን ጦርነት የተዋጉ ሰዎች ጉራ ላይ ከኛ ጋር ተዋጉ፤ ሦስት ወር ተኩል ቆይቶ ሊትል ቢግሆርን ሆነ። ያ ትውልድ ከጦርነት ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ የሚያውቀውን ይዞ የትም ሄደ። የቤተሰቡም ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው አለ፦ ኩስተር ወንድሞቹን ያመጣው እንጀራ ስለነበር ነው። ቶም የራሱን ስም ያተረፈ ወታደር ነው፤ በኤፕሪል 1865 በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት የጀግና ሜዳሊያ አግኝቷል፣ በሁለተኛው ፊቱን በጥይት ተመትቶ። ቦስተንን ግን ወንድሙ ነው የቀጠረው። አማቹንም ወደ 7ኛው ፈረሰኛ ያስገባው እሱ ነው። እኛ አገር ዘመድን ሥራ ማስገባት እንደምንለው።

መልስ 14 ላይ 11ኛውና 12ኛው እርስ በርስ መሰዳደብ ጀመሩ። አልደግመውም። አድሚኑ ሁለት መልስ አጥፍቶ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ከዚያ 11ኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ 12ኛውም ተቀበለ። ይህንንም መጻፍ ተገቢ መስሎኛል።

መልስ 15 የተጻፈው ለኔ ነው፣ ስለታምም ነበር። በመልስ 7 ስለ አጠራር የጻፈችው ወጣት ናት። አምስት ሰው ከአንድ ቤት ብዬ ሳለቅስ የሌላውን ቤት ሙታን አለመቁጠሬን ነገረችኝ። በዚያው ቀን፣ ጦርነቱ ሲጀመር፣ ሀንክፓፓ የሚባሉት ላኮታዎች መሪ የነበረው የጎል ሁለት ሚስቶቹና ሦስት ልጆቹ ተገድለዋል። አምስት ከአምስት። የሱ ቤተሰብ ዘማች አልነበረም፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ነው። ርዕሱ ላይ ያለው አምስት የማን አምስት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሐውልቱን በየቀኑ እያየህ ሐውልት የሌለውን ረሳህ አለችኝ።

መልስ መስጠት ከበደኝ። ልክ ነች። ርዕሱን ልቀይረው አስቤ ተውኩት፤ የሳትኩት ነገር በግልጽ ይታይ ብዬ። ነገር ግን የጎል ሚስቶችና ልጆች አሁን በዚህ ክር ውስጥ አሉ፤ ያስገባቻቸው እሷ ናት። እዚህ ሞንሮም በ2020 ሐውልቱ ይነሳ የሚል አቤቱታ ተነስቶ ነበር፤ ያኔ ምን እንደሚሉ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ይገባኛል።

መልስ 16 ሌሎች ሁለት የተረሱ ሰዎችን ጨመረ። አይዛያ ዶርማን ጥቁር አስተርጓሚ ነው፤ ላኮታ ሚስት ነበረችው፤ በዚያ ጦርነት ከኩስተር ወገን ሆኖ ሞተ። ሁለተኛዋ ኢላይዛ ብራውን ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከባርነት አምልጣ በ1863 ወደ ኩስተር ሠፈር መጣች። እስከ 1869 ድረስ ምግባቸውን አበሰለች፣ ሠፈሩን አስተዳደረች፣ ቴክሳስም ካንሳስም አብራቸው ሄደች። የቤቱ ሰው ሁሉ ይፈራት ነበር ይባላል። የኩስተር ቤት ሲባል የሷም ቤት ነበር፤ የቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ግን ማንም አይጽፋትም። እኔም አልጻፍኳትም ነበር።

መልስ 17 ላይ ዴንቨር ያለችው እህታችን ተመልሳ መጣች፤ ስለ መርዶ ጻፈች። ይህን በደንብ ልንገራችሁ።

ሴቶቹ የነበሩት በዳኮታ፣ ፎርት አብርሃም ሊንከን ነው። ቁስለኞችን የያዘችው ፋር ዌስት የምትባል የእንፋሎት መርከብ በወንዙ 54 ሰዓት ያህል ነጉዳ ጁላይ 5 ሌሊት ቢስማርክ ደረሰች። ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይወጣ፣ ሁለት መኮንኖችና አንድ ሐኪም ወደ ኩስተር ቤት ሄዱ። ሊቢንና ማርጋሬትን ሳሎን አስቀምጠው ነገሯቸው። ቀኑ የሚያቃጥል ሙቀት ነበር፤ ሊቢ ግን በረዳት፤ ነጠላ እንዲሰጧት ጠየቀች። ከዚያ ተነሳች። የአዛዡ ሚስት ስለሆነች የሌሎቹን ሴቶች መርዶ አብራ ልትነግር ከመኮንኖቹ ጋር ወጣች። 34 ዓመቷ ነበር። ማርጋሬት ከኋላቸው እየሮጠች ለእሷ የተላከ ቃል ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። አልነበረም። ማንም ቃል ሊልክ የሚችል ሰው አልቀረም። ማርጋሬት በአንድ ጊዜ ባሏን፣ ሦስት ወንድሞቿንና የእህቷን ልጅ አጣች። 24 ዓመቷ ነበር።

እህታችን ከዚህ ጋር የራሷን ነገር አያያዘች። እናቷ አገር ቤት ሞተው ለሷ የተነገራት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ በሯን አንኳኩቶ። ጠዋት በር ሲንኳኳ እስከ ዛሬ እጇ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ስለ ሊቢ ያነበበችውን ሁሉ ያላስቀረችው። ከሥሩ ሃያ ያህል ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈላት፤ ሌሎችም የራሳቸውን መርዶ ተናገሩ። ክሩ ከኩስተር ወጣ፣ ማንም ግን አላማረረም።

መልስ 18 ስለ ቀጣዩ ዕድሜዋ ነው። ሊቢ የቀራት ጡረታ መጀመሪያ በወር 30 ዶላር ነበር። ኒው ዮርክ ሄዳ በአንድ የሴቶች የእጅ ጥበብ ማኅበር ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ከዚያ በ1885፣ በ1887ና በ1890 ሦስት መጻሕፍት ጻፈች። ባሏን የሚወቅሱ መኮንኖች ብዙዎቹ እሷ በሕይወት እያለች ዝም አሉ። ዌስት ፖይንት ያቆመለትን ሐውልት ስላልወደደችው አስነሳችው። የሞንሮውን ሐውልት በ1910 ራሷ ገለጠችው፤ ፕሬዚዳንት ታፍትም ተገኝተው ነበር። ሳታገባ 57 ዓመት ኖራ፣ በኤፕሪል 1933፣ 91 ሊሞላት አራት ቀን ሲቀራት ሞተች። ዛሬ ስሙን የምናውቀው እሷ ስለጻፈች ነው የሚለው የጸሐፊው ሐሳብ ነው፤ እኔም እስማማለሁ። የጎል ሚስቶች የሚጽፍላቸው አላገኙም።

መልስ 19 የከባድ መኪናው ወንድማችን ነው፤ ለኔ ጥያቄ አለው። ድንጋያቸውን ቁልቁለቱ ላይ ያየው የቦስተንና የትንሹ ኦቲ አፅም አሁንም እዚያ ነው ወይ? አይደለም። ጆርጅ ዌስት ፖይንት ተቀብሯል፤ ቶምና ካልሁን ፎርት ሌቨንወርዝ። ቦስተንንና ኦቲን ግን በ1878 ወደዚህ ወደ ሞንሮ አምጥተው ዉድላንድ መቃብር አሳረፏቸው። እናትና አባትም እዚያው ናቸው። ማሪያ የሞተችው በ1882 ነው፤ ጆርጅ ለዘመቻ በተለያት ቁጥር ራሷን ትስት የነበረች እናት፣ ሦስቱን በአንድ ቀን ካጣች በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ኖራለች። ያልዘመተው ኔቪን ብቻ ነው ከኢማኑኤል ከወለደቻቸው ወንዶች የቀራት፣ በሕመም ምክንያት እርሻ ላይ የቀረው።

ከኔ ሥራ ቦታ መቃብሩ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። ወንድማችን ቅዳሜ ጭነት ይዞ በቶሌዶ በኩል ያልፋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ልጠብቀው ተቀጣጥረናል።